የታጠበው ማተብ

በእኛ በወሎ፣ ደግነትን አብዝቶ የሚጠራጠር ሰው ሲያጋጥም ሽማግሌዎች የሚጠቅሱት አንድ አባባል አለ። አባባሉን ብዙዎች ያውቁታል፤ የተነገረበትን ዕለት የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ገዳሙ የተባለ ክርስቲያን ገበሬ በሁዳዴ ጾም ከገበያ ሲመለስ በቅሎው ገደል አፋፍ ላይ ጣለችው። አንገቱ ሥር ቆሰለ፤ የጎን አጥንቱም ተሰበረ። ያነሡት በአቅራቢያው የሚኖሩት ሼህ አረቡ ናቸው። ወጌሻው "መንገድ ከወጣ አይተርፍም" ስላለ፣ በቤታቸው አስተኙት።

ወሬው ለታላቅ ወንድሙ ለአንለይ የደረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። አንለይን ከወንድሙ አጥንት ይልቅ ሃይማኖቱ አሳሰበው። ቃሬዛ አሸክሞ፣ ሽማግሌውን አያ ጓንጉልን ይዞ ገሠገሠ።

እንደ ገባ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያደርስ፣ ከምድጃው ዳር ያለውን ድስት ከፍቶ አሸተተ።

"ሽሮ ነው፤ ቅቤ ባልነካው አዲስ ድስት የተሠራ" አሉ የሼሁ ባለቤት እመት ሞሚና። "አሽትተህ ስትጨርስ ክደነው፤ ዝንብ ይገባበታል።"

አንለይ አልሣቀም። የወንድሙን አንገት አየ፤ ባዶ ነው።

"ማተቡስ?"

ሼሁ ወደ ምሰሶው አመለከቱ። ጥቁሩ ክር ከመቁጠሪያቸው ጋር በአንድ ኩላብ ተንጠልጥሏል። "ደም ነክሮት ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሳልበጥስ ፈትቼ፣ በእጄ አጠብኩት።"

"ከመቁጠሪያ ጋር ምን አገናኘው?"

"ልጆች የማይደርሱበት ኩላብ እሱ ብቻ ነው።"

አንለይ ወደ ወንድሙ ዞረ። "ምን ሰበኩህ? እውነቱን ተናገር!"

"የጠየቅኳቸው እኔው ነኝ" አለ ገዳሙ በደከመ ድምፅ። "ሲሰግዱ አይቼ፣ የሚሉትን ንገሩኝ አልኳቸው። 'መጀመሪያ ትኩሳትህ ይውረድ' ብለው ዝም አሉ።"

"ድኖ፣ በእግሩ መጥቶ ከጠየቀኝ አልደብቀውም፤ የማምንበትን እነግረዋለሁ" አሉ ሼሁ። "በትኩሳት የተሰጠ ቃል ግን እንኳን ለአላህ፣ ለበሬ ግዢም አይሆን።"

አንለይ ማተቡን አውርዶ በበሩ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረው። የተበጠሰ ነገር አላገኘም፤ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም። የቃሬዛውን እንጨት እንደ ጨበጠ፣ "አያ ጓንጉል፣ ምን ይላሉ? እናንሣው ወይስ እንተወው?" ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው አስቀድመው ክፍቱን የቀረውን ድስት ከደኑ፤ ከዚያም፣ "ቃሬዛውን አስቀምጥ ልጄ" አሉ፤ "ማተብ ያጠበ እጅ ሃይማኖት አይሰርቅም።"