ከምንጣፉ ሥር ያለው ብየዳ

በአንዲት ዳገታማ አሮጌ ከተማ፣ ከጁሙዓ መስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሐጅ ቡሽራ የሚባሉ ባትላሜራ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸውና እጃቸው ለብረት መድኃኒት ነበር። የተጨራመተ መኪና ገብቶ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱ የትኛው በር እንደተመታ ይጠፋው ነበር። ሲያመሰግኗቸው «መዶሻው ነው» ይሉና ጢማቸውን ይዳብሳሉ፤ ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቃል። ሐጅም ሰው ናቸው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሚፍታህ የሚባል ልብስ ሰፊ አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ የውድድር መኪና እያስጓራ ግቢያቸው ገባ። መኪናዋ አርጅታለች፤ ወንበሯ ተቀዷል፣ ጭሷ ሰማያዊ ነው። በደጉ ዘመኗ ግን ዳገቱን ስትወጣ ከተማው በሙሉ በድምፅዋ ያውቃት ነበር። ሚፍታህም ተማሪ ሳለ እሷን ለማየት የክፍሉ መስኮት ላይ እየተንጠለጠለ ስንት ጊዜ ተገርፏል። አሁን ባለመኪናው መርሁም ነስሩ ካረፈ ወዲህ ሚስቱ ሩቂያ ልትሸጣት ነው።

«ኢስቲኻራ ሰግጃለሁ ሐጂ። አላህ መልካሙን እንዲመርጥልኝ ለምኜ ልቤ እሷው ላይ ቀረ። የቀረኝ የእርስዎ ዓይን ነው» አለ ሚፍታህ። «ለዒድ ሴቶች ልጆቼን ከኋላ ጭኜ፣ ቁልቁል እስከ ቆላው ሜዳ ልለቃት ነው የማስበው።»

ሐጅ ቡሽራ መኪናዋን ከማንም ይበልጥ ያውቋታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነስሩ ከቋጥኝ ጋር አላትሟት፣ ወገቧ ለሁለት ተሰብሮ በጭነት መኪና እዚሁ ግቢ መጥታ ነበር። እሳቸው ናቸው ሁለቱን ግማሽ የበየዱት፤ ከዚያ የተሻለ ሥራ በዕድሜያቸው አልሠሩም። ነስሩም «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሩቂያ እንዳትሰማ፤ እንቅልፍ ታጣለች» ብሎ ቃል አስገብቷቸዋል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ብየዳው ይበቃል። ለሚለቃት ግን ዋስ የለውም።

ቢናገሩ የሟች አማና ሊበሉ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴትም ገዢ ልታጣ ነው። ዝም ቢሉ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት የሚፍታህ ልጆች ናቸው። ደግሞስ ማን ያውቃል? ብየዳውን ከእሳቸው በቀር የሚያገኘው የለም። ይህችኛዋ ሐሳብ ስትመጣባቸው ደነገጡ።

«ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብን ሰግደን እንገናኝ፤ እስከዚያ ሞተሯን እንዳትነካ» ብለውት ወደ ሩቂያ ቤት ሄዱ።

በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ነገሯት።

«ያን ሰሞን እጁን አስሮ መጥቶ ‹በር ቆረጠኝ› ነበር ያለኝ» አለች ሩቂያ።

«አዎ እህቴ። አውፍ በይኝ፤ ቃል አስገብቶኝ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ እኮ እንደ ሙሽራ በቅሎ ነበር የሚነዳት! ‹አረጀህ እንዴ ነስሩ?› እያልኩ ስንት ቀለድኩበት!» ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። «ለካ እኔን ጭኖ ፈርቶ ነው።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይንገሩት ሐጂ። እሱ ለእኔ የሳሳውን ያህል እኔ ለሰው ልጆች ካልሳሳሁ ምን ሙስሊም ነኝ?»

ከመግሪብ በኋላ ሐጅ ቡሽራ የመኪናዋን ምንጣፍ ገለጡ፤ ያንን ያማረ ቀለማቸውን በመሮ ፋቁት። «ይኸውልህ ልጄ። እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍላ ነበር። የገጣጠምኳት እኔ ነኝ።»

ሚፍታህ ጣቱን በመጋጠሚያው ላይ አስኬደ። ልብስ ሰፊ ነውና ስፌት ያውቃል። «ሐጂ፣ ይህን እኮ ማንም አያገኘውም ነበር» አለ።

«ሰው እንዳያየው አድርጌ መሥራት ችያለሁ» አሉ ሐጅ ቡሽራ። «አላህ እንዳያየው አድርጌ መሥራት ግን አልቻልኩበትም።»

ሚፍታህ ቁልፉን በሁለት እጁ መለሰላቸው። መኪናዋም እንደ ሙሉ አልተሸጠችም፤ ሐጅ ቡሽራ ሞተሯንና ጎማዎቿን ለየብቻ፣ ዐይባቸውን፣ ጉድለታቸውን ሁሉ እየተናገሩ ለሩቂያ አሸጡላት። መሪውን ሩቂያ አልሸጥም ብላ ቤቷ አስቀመጠችው።

እኛ ኢስቲኻራ ሰግደን ሕልም እንጠብቃለን፤ ልባችን የወደደውንም ሁሉ የአላህ መልስ ነው እንላለን። የሚፍታህ መልስ ግን መሮ በያዙ ሽማግሌ እጅ ነበር የመጣለት። የወንድምን ነውር መሸፈን ታዘናል፤ ሐጅም ነስሩን አሥራ አንድ ዓመት የሸፈኑት ለዚያ ነው። የሰው ልጅ የሚሳፈርበት ነውር ግን ሽፋን አይገባውም። አላህ ሳንገዛ የሚነግረን ሰው አያሳጣን፤ ስንሸጥም ምንጣፉን የምንገልጥበት እጅ ይስጠን።