በየማለዳው ዝቅ ብሎ የተገኘው ጠረጴዛ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ነገ ተነሥታችሁ ጠረጴዛውን እንይ ትላላችሁ። አሮጌ ከተማ ነበረች፣ ይበቃችኋል። በዚያች ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ሶላታቸው የማይዛነፍ፣ ልካቸው የማይጎድል ሰው ናቸው፤ የሚሠሩትም እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ባለች፣ በሯ ወደ መንገድ በሚከፈት አንዲት ክፍል ነበር።

ሲያረጁ ወገባቸው አላጎነብስ አላቸው። ስለዚህ ከፍና ዝቅ የሚል የመሥሪያ ጠረጴዛ ሠሩ። አራቱን እግሮች ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጓቸው፤ ገበታው በፈለጉት ቀዳዳ ላይ በወይራ ካስማ ይያዛል። ገበታው ከባድ የዋንዛ ሳንቃ በመሆኑ፣ ካስማውን ለመንቀል ቆሞ አንዱን ጫፍ በትከሻ ማንሣት ያስፈልጋል። ከጉልበት በታች ያሉትን ቀዳዳዎች ለምን እንደበሱ ግን እርሳቸውም አያውቁም ነበር። ሥራውን ጨርሰው ሲያዩ፣ ተበስተው አገኟቸው።

በዚያው ሰሞን ይመር የሚባል ሰው መጣባቸው። ይመር ጎበዝ አናጢ ነበር፤ ከጣራ ወድቆ እግሮቹ ከዱት። በእጁ እየተሳበ መስጊድ በር ላይ ተቀምጦ እየለመነ ልጆቹን ያበላል። «ሐጂ፣ እጄኮ ጤነኛ ነው፤ ሥራ ይስጡኝ» አላቸው። እርሳቸውም ይህ ሥራ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ነው ብለው፣ «አላህ ይስጥህ» ብለው ሸኙት። ክፋት አልነበረባቸውም። ስንቶቻችን ነን በዚህች ቃል ሰው የምንሸኝ!

ሐጂ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ መስጊድ ተቀምጠው ዚክር ያደርጋሉ። አንድ ቀን ሲመለሱ፣ ማታ ከፍ አድርገው የተዉት ጠረጴዛ ከጉልበት በታች ወርዶ ጠበቃቸው። ሥሩ ትኩስ ፍቅፋቂ ተበትኗል። ባለቤታቸውን ሩቂያን ጠየቁ፤ ወላሂ አልነካሁም አሉ። ከፍ አደረጉት። በማግስቱም ወርዶ ተገኘ። አንድ ቀን ማለዳ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። ሲመለሱ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል፤ ገበታውም እንደ ልማዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ሩቂያ ወደዚያ ክፍል መግባት ተዉ። ይመር ከመስጊዱ በር መጥፋቱን ግን ሐጂም አላስተዋሉም፣ ሌላውም አላስተዋለም። ለማኝ ሲጠፋ ማን ይጠይቃል?

በመጨረሻ ሐጂ፣ ቤቴ ጂን ገባበት ብለው ለኢማሙ ለሸህ ኑርዬ ነገሯቸው። አንድ ማለዳ ከሶላት በኋላ ጥቂት ቆይተው ሁለቱ ተያይዘው ወደ ግቢው መጡ። ከበሩ ሲደርሱ ከውስጥ የመላጊያ ድምፅ ተሰማ፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ሸሁ ጂን የሚያርቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲን፣ እየቀሩ በሩን ገፉት።

ይመር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከቁርጥራጭ እንጨት የቁርኣን ማስቀመጫ ይሠራል። ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«ሐጂ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ! በአፍዎ ሊነግሩኝ ቢያፍሩ በጠረጴዛው ነገሩኝ። ከሱብሂ ስመለስ በሩ ተከፍቶ፣ ገበታውም በልኬ ዝቅ ብሎ ባየው ጊዜ ጥሪዎ ገባኝ። እንዳያፍሩም ከመምጣትዎ በፊት እወጣለሁ፤ የሠራሁትን እየሸጥኩ ይኸው ልጆቼ ከልመና ዳኑ።»

ሸህ ኑርዬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ የማያውቀው ሰደቃ ይህ ነው ብለው አመሰገኗቸው፤ ጂን ነው ብለው እኔን ያመጡኝም፣ መልካም ሥራዎን በአፍዎ መናገር ትሕትና ቢከለክልዎ ነው አሉ።

ሐጂ ዝም ቢሉ አለቀ፤ ምስጋናውም ዱዓውም የሳቸው ነው። ቢናገሩ ደግሞ የተቸገረ ሰው ማባረራቸው በኢማሙ ፊት ይገለጣል።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «እኔማ አላህ ይስጥህ ብዬ መለስኩት። በየቀኑም ይህን ገበታ ከፍ ያደረግኩበት እኔ ነኝ።»

የይመር ፊት አመድ መሰለ። እሱ ቆሞ ያን ሳንቃ ሊያነሣ አይችልም፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ሦስቱም ካስማዎቹን አዩ። ሸሁ መቅራታቸውን እንደገና ጀመሩ። ክፍሉ ውስጥ አራተኛ ሰው ያለ ይመስል ዙሪያቸውን ቃኙ። ኋላ ይመር መላጊያውን አስቀመጠና፣ ያለ ፈቃድ ለገባሁት አውፍ ይበሉኝ ብሎ ወደ በሩ መሳብ ጀመረ።

ሐጂ ያን የታመመ ወገባቸውን እንደምንም አጥፈው መሬት ላይ ከፊቱ ተቀመጡ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ። ምስጋናው የኔ አይደለም። ዝቅ ማድረጉ ግን ከነገ ጀምሮ የኔ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛው አንድም ጊዜ በራሱ ዝቅ ብሎ አልተገኘም።

ጂን ነው መላኢካ ነው እያላችሁ አትጨቅጭቁኝ፤ አላሁ አዕለም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እኛ እምቢ ያልነውን መልካም ሥራ አላህ በሻው ያሠራዋል፤ ሥራው አይቀርም፣ እኛ ግን ከአጅሩ፣ ከምንዳው፣ ውጭ እንቀራለን። ሰው ባልሠራው ሲመሰገን ደስ ካለው ደግሞ፣ ውጭ መቅረቱን እንኳ አያውቅም። ሐጂ ቡሽራ አወቁ፣ ደነገጡ፣ እውነቱን ተናገሩ። አላህም በሩን ከፈተላቸው። እስኪሞቱ ድረስ በየማለዳው፣ ወደ ሱብሂ ከመውጣታቸው በፊት፣ እያቃሰቱ ያን ሳንቃ በትከሻቸው እያነሡ ለይመር ዝቅ ያደርጉት ነበር።