የሌለ ድልድይ ግብር

ተረት ተረት።

— አምጪልን ከጥንት።

ቀረብ በሉ ልጆቼ። ያቺ ትንሿም ጋቢው ውስጥ ትግባ። የዛሬው ተረት የሚያስቅ አይደለም። እናቴ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይሻክር ነበር፤ እኔም ስነግረው ደሜ ይፈላል።

በድሮ ዘመን ድፍርሴ የሚባል ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ቀጨሞ ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ገበያው ነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነበረ፣ የምስለኔውም ግቢ ነበረ። ምስለኔ ማለት ትልቁ ጌታ ሩቅ ከተማ ተቀምጦ ሳለ በእሱ ፈንታ አገሩን የሚገዛ ሹም ነው። የዚያ ምስለኔ ስም ስንሻው ነበር።

በበጋ ወንዙ እስከ ጉልበት ነውና ሰው ልብሱን ሰብስቦ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ግን ድፍርሴ ይሞላል፣ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ዛፍ ከነሥሩ ይነቅላል። የጥንት ሰዎች ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ላይ ወዲህና ወዲያ ድንጋይ ክበው፣ ግንድ አጋድመው ድልድይ ሠርተው ነበር። ግንዱ አረጀና አንድ ክረምት ጎርፍ ወሰደው። የድንጋዩ ካብ ብቻ በሁለቱ ዳር ቆሞ ቀረ።

ከዚያም ምስለኔ ስንሻው አዋጅ አስነገረ። ጢስ ከሚወጣበት ቤት ሁሉ በየዓመቱ አንድ እንቅብ እህል ይግባ፤ ወንዱም ወጥቶ ግንድ ይቁረጥ፤ ድልድይ ይሠራላችኋል አለ። ሰዉ ደስ አለው። እህሉን ሰጠ። ወንዶቹም ማዶ ካለው ደን ገብተው ጽድ ጣሉና በበሬ ጎትተው ወንዙ ዳር ከመሩት። ትከሻቸው ተላጠ። ከማዶ ሰዎች የአንዱም እግር ግንድ ወድቆበት እንደ ተቆለመመ ቀረ።

ግንዱ እዚያው ከረመ። ይድረቅ ተብሎ ነው አሉ። በጋ ሲመጣ ሰዉ ወረደና ቢያይ ግንዱ የለም። በምስለኔው ግቢ ውስጥ ግን አዲስ አዳራሽ ቆሟል። ምሰሶው ጽድ፣ ማገሩ ጽድ፣ ወራጁ ጽድ። ሁሉም አየ። አይቶም ወደየቤቱ ተመለሰ።

እንቅቡስ ቀረ? አልቀረም። ምስለኔው የድልድይ ሹም ሾመና ከእህሉ ቀለብ ቆረጠለት። ለሹሙ ደግሞ አሽከር ቀጠረለት። ድልድይ የለም፣ የድልድይ ሹም አለ። ሰዉ በጠየቀ ቁጥር ዘንድሮ ግንድ እናመጣለን፣ ለከርሞ አናጢ እንጠራለን ይባላል። እህሉም የሚገባው በጳጉሜ ነበር፤ ወንዙ አፉን ከፍቶ፣ የገበሬው ጎተራ ባዶ ሊሆን በተቃረበበት ጊዜ። ለምን በጳጉሜ? ምስለኔው በመስቀል ግብር ያበላል። ግብር ሁለት ነው ልጆቼ። ድሀ የሚገብረው ግብር አለ፣ ጌታ የሚያበላው ግብር አለ። ስንሻው ድሀው በገበረው የጌታውን ግብር ያበላ ነበር፤ የሚበሉትም የገዛ ሰዎቹ ነበሩ።

በቀጨሞ ሜዳ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ፈንታ ይባላል። አንጓች ቁጡ ሴት አልነበረችም። እንዲያውም ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ ገብታ የምትገላግል እሷ ነበረች። ነገር ይለፍ፣ ነገር ይለፍ ማለት ትወድ ነበር።

እና አንድ ዓመት ጳጉሜ ደረሰ። አንጓች የጎተራውን ወለል በእጇ ጠርጋ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ፣ አንድ እንቅብ ጤፍ ሞላች። ፈንታ ጤፉን ስልቻ ውስጥ ገለበጠና አሰረው። እሷም ውሃው እስኪጎድል ቆይ አለችው። እሱ ግን አልሰማትም። ባለፈው ዓመት ጎረቤታቸው አድማሱ ዘገየ ተብሎ የሚያርስበት በሬው ተነድቶበት ነበር። ፈንታም በሬዬን ከምነጠቅ ውሃ ብገባ ይሻለኛል አለና ወጣ። እሷም ተከተለችው።

በወንዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የቃጫ ገመድ ነበረ። በክረምት የግድ የሆነበት ሰው እሱን ይዞ ነው የሚሻገረው። ፈንታ ስልቻውን በትከሻው ተሸከመ፣ በአንድ እጁ ገመዱን ያዘና ገባ። መሀል ሲደርስ ውሃው እግሩን መታው። ስልቻው ከትከሻው ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ስልቻውን ትቶ ገመዱን በሁለት እጁ ቢይዝ ይተርፍ ነበር። አንጓች ከዳር ሆና፦

«ልቀቀው! ፈንታ፣ እህሉን ልቀቀው!» አለች።

አለቀቀውም። ገመዱን ለቀቀና ስልቻውን ያዘ። በሬው ታይቶት ነው። ድፍርሴም ሁለቱን አንድ ላይ ወሰዳቸው።

ሬሳውን ከታች የሾላ ሥር ይዞት አገኙት። ቀብር አለ፣ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ሬሳ ይዞ ማን ይሻገራል? እዚሁ ኮረብታው ላይ መቃብር ተቆፈረ። ካህኑ ማዶ ካለው ካብ ላይ ቆመው ፍትሐቱን ጮኸው አነበቡ። የውሃው ድምፅ እየዋጠው አንዱ ቃል ይሰማል፣ አንዱ ይቀራል። አንጓች ጆሮዋን ወደ ወንዙ አዘንብላ ስትሰማ የባሏን ስም እንኳ አልሰማችም። ያን ጊዜ ነው ነገር ይለፍ ማለቷ ያበቃው። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም።

በሠልስቱ ማግሥት ጭቃ ሹሙ አያ ደምሌ መጣ። ጭቃ ሹም የመንደሩ ሰው ነው፤ የሹሙን ትእዛዝ ተቀብሎ ለመንደሩ ያደርሳል። ደጃፉ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የምስለኔው ሰዎች ከማዶ ተጣርተው የነገሩትን ነገራት፦

«የፈንታ ቤት እንቅብ አልገባም ብለዋል። ወንዝ የበላውን እኛ አናውቅም፣ ሌላ ይምጣ ነው የሚሉት። እኔ መልእክተኛ ነኝ እህቴ፣ ይቅር በይኝ።»

አንጓች ለቅሶ ሊደርሱ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ተነሣችና ጓዳ ገባች። ለዘር ያስቀመጠችውን ጤፍ በእንቅብ ሰፍራ ይዛ ወጣች። አያ ደምሌ ልትሰጠው መስሎት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልሰጠችውም።

«ይኸው ሞልቻለሁ» አለችው። «ግብር እምቢ አላልኩም። ነገር ግን ይህ የድልድይ እህል ነው። የድልድይ እህል በድልድይ ላይ ነው የሚሻገር። ድልድዩን ያምጡና ይውሰዱት። እስከዚያ ካቡ ሥር አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ሂድና ንገርልኝ አያ ደምሌ።»

እንቅቡን ተሸክማ ወረደችና በድንጋዩ ካብ ሥር አስቀመጠችው። ቁርበት አለበሰችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ሰዉ መጀመሪያ ኀዘን አእምሮዋን ነካው አለ። ከዚያ ግን ሴቶቹ ተራ በተራ የየቤታቸውን እንቅብ ይዘው ወረዱ። ባሎቻቸው ፈሩ፣ ተቆጡ፣ አትውጪ አሉ። ቀጥሎ አድማሱ፣ በሬው የተነዳበት፣ የራሱን ይዞ መጣ። በሬ የለኝ፣ ምን ይነዱብኛል አለ። ከዚያ በኋላ የቀረ የለም። ካቡ ሥር እንቅብ በእንቅብ ላይ ሆነ። ሰዉም እየተቀያየረ ከወፍና ከዝናብ ጠበቀው።

ማዶ ደግሞ የመስቀል ግብር ደርሷል። በዚያ ዓመት የምስለኔው የበላይ ጌታ፣ ትልቁ ደጃዝማች፣ አገር ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ነበር። ማዶዎቹ የገበሩት ግን አልቆ የምስለኔው ጎታ ባዶ ነው። ስንሻው ተናደደና በበቅሎ ላይ ሆኖ፣ ጥላ ተይዞለት፣ ሰዎቹን አስከትሎ ወንዙ ዳር መጣ። ከካቡ እስከ ካቡ ሩቅ አይደለምና ጮኸው ከተናገሩ ይሰማል። እሱም ይህን አመፅ ያስነሣችው ማናት አለ። አንጓች ከተቀመጠችበት ተነሣች።

ስንሻው በጋው ሲመጣ እንዴት እንደሚያደርጋት ነገራት። በሬሽን፣ መሬትሽን፣ ቤትሽን አለ። እሷ ሰምታ ጨረሰችና፦

«ባሌን ወስደዋል ጌታዬ። ከዚያ የሚበልጥ በሬ የለኝም። እህሉ ይኸውልዎ፣ አልደበቅነውም። ስሙ የድልድይ ግብር ነው። በድልድዩ መጥተው ይውሰዱት» አለችው።

ስንሻው ወደ አሽከሮቹ ዞረና ግቡና አምጡ አላቸው። አሽከሮቹ ውሃውን አዩት። ውሃው ጉማጅ እንጨት እያገላበጠ ይሄዳል። አንድም እግር አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ምስለኔው የድልድይ ሹሙን በስሙ ጠራና አንተ ተሻገር አለው። ሹሙ ወፍራም ሰው ነበር፤ ያ ሁሉ ዓመት ከእንቅቡ በልቷል። ወደ ውሃው አየ፣ ወደ ጌታው አየ፣ ላብ አጠመቀው።

«ጌታዬ» አለ፣ «ድልድይ እኮ የለም።»

ይህን ቃል ወዲህም ወዲያም ሰሙት። ማንም አልሳቀም። ማዶ የቆመውም ገበሬ እኮ ግንድ ጎትቷል፣ እንቅብ ገብሯል። እግሩ የተቆለመመው ሰውዬ ከማዶ ሰዎች መካከል ወጣና፣ ድልድዩ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ ተሸክሜዋለሁና አለ። እያነከሰም ወደ አዳራሹ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ስንሻው አሽከሮቹን አስቁሟቸው ቢል አሽከሮቹ ቁጥራቸውንና የሕዝቡን ቁጥር አስተያዩ። ደጃዝማቹ እየመጣ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እህል የለም፤ አገሩ ከፊቱ ቆሟል። ስንሻውም እንዳዘዘ ሰው ሆኖ፣ በሉ ግንዱን አውርዱት አለ።

አዳራሹን ከጣሪያው ጀምረው አፈረሱት። ጽዱን እየጎተቱ አወረዱት። ከወዲህ ገመድ ተወረወረላቸው፤ እነሱ አሰሩ፣ እነዚህ ሳቡ። ሁለቱም ዳር ሲሠራ ካቡ ሥር የነበረው እህል እየተፈጨ ሠሪውን መገበ፤ ለማዶዎቹም በገመድ ላይ እየተንሸራተተ ይሄድላቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የድልድይን እህል ድልድይ የሚሠራ ሰው በላው። አንጓች ስታበላ ዋለች እንጂ አንድ ቀን ፊቷ አልፈታም። የቀረበላትን ምስጋናም አልተቀበለችም። ይህ ሥራ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ባሌ ለምን ሞተ ትል ነበር።

ደጃዝማቹም መጣ። አዳራሽ የለምና በዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ስንሻው ለጌታው ምን እንዳለው አልታወቀም። በማግሥቱ ግን ጥላውን አስይዞ፣ ካባውን ደርቦ በድልድዩ ራስ ላይ ቆመ። ደጃዝማቹም በወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል። ምስለኔው ለአገሬ ድልድይ አሠራሁ፣ አዳራሼን እንኳ ለድሀ ብዬ አፈረስኩ አለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ምን ያድርጉ፣ ልማድ ነውና ተሰለፉ። እጅ ሊነሡ ጎንበስ አሉ። አንጓች ከኋላቸው በድልድዩ ላይ መጣች። ስንሻውም አያትና፦

«አንቺ ሴትዮ፣ የጮኽሽለት ድልድይ ይኸው ተሠራልሽ። እግዜር ይስጥልኝ አይባልም?» አላት።

አንጓች ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እህሉን እኛ ሰጠን። ግንዱን እኛ ቆረጥን፣ እኛው ጎተትን። ካቡን አያቶቻችን ካቡት። ከዚህ ውስጥ የእርስዎ የቱ ነው ጌታዬ? ያሳዩኝና ለእሱ እጅ እነሣለሁ።»

ስንሻው ወደ ድልድይ ሹሙ ተመለከተ። ሹሙ ጫማውን ያያል። ደጃዝማቹም ዓይኑን ስንሻው ላይ አሳረፈ።

«እንግዲያው» አለች አንጓች፣ «ለገዛ እንጀራዬ እግዜር ይስጥልኝ አልልም።»

አለችና በፊቱ አልፋ ወደ ገበያው ሄደች። ጎንበስ ብለው የነበሩት ሽማግሌዎችም አንድ በአንድ ቀና አሉ። ወገባቸውን አቅንተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እነሱም አልፈው ሄዱ። ምስለኔው በድልድዩ ራስ ላይ ብቻውን ቀረ።

ስንሻው ዓመት ሳይሞላው ተሻረ። ሌላ ምስለኔ መጣ፤ ሌላ የማይመጣበት አገር የለም። አዲሱም እንቅብ አምጡ አለ። አንጓች ግን ቁጣዋ አልበረደም ነበርና ጳጉሜ በደረሰ ቁጥር መንደሩን አስከትላ ሹሙን ድልድዩ ላይ ታወጣዋለች። ግንዱን በእግሯ እየረገጠች ከዳር እስከ ዳር ታስሄደዋለች። የበሰበሰ ካለ ታሳየዋለች። ይህ ተጠግኖ ሳታይ አንዲት ፍሬ አትሰፍርም ነበር። አስቸጋሪ ሴት ናት አሉ። እስክትሞት ድረስ አስቸጋሪ ነበረች።

ተረቴ ይኸው አለቀ። ያለኝን ሰጥቻችኋለሁ፣ ምንም አልደበቅኩም። እናንተም ሰምታችሁ እንዲሁ አትነሡ፤ አፌ ደርቋልና ቆሎም ካለ ዝገኑልኝ፣ ዳቦም ካለ ቁረሱልኝ።