አምስተኛው ሰበዝ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት የራሳቸው ባቡር በነበራቸው በዚያ ደግ ዘመን፣ ሐዲድ ስትለካ ያረጀች አንዲት አህያ ነበረች። ሥራውን ያስተማራት ጋሼ በቅሎ ነው። ማለዳ ማለዳ እሱ ሐዲዱ በሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ሞራ ይቀባል፤ መንኮራኩሩ ብረቱን እንዳይበላው። እሷ ደግሞ ከወይራ የተቀረጸውን መለኪያ ሐዲዱ ራስ ላይ ታጠልቃለች። ሐዲዱ አዲስ ሳለ መለኪያው ጥብቅ ይል ነበር። ብረቱ እየሳሳ ሲሄድ በመለኪያውና በብረቱ መካከል ሰበዝ ይገባል፤ «በየዓመቱ አንድ ሰበዝ» ብላ አህያ ራሷ ለአንበሳ ነግራዋለች።

«አራተኛው ሲገባ አዲስ ሐዲድ አስመጪ። አምስተኛው ከገባ አይታመንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ይላት ነበር። ወይ ጋሼ በቅሎ! እሱ ካረፈ ወዲህ ማለዳው ራሱ ጭር ብሎባታል።

በእሱ ቦታ ማን ቢሾም ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ያሾመችው የዕቃ ቤቷ ሹም ቀበሮ ናት። እንግዲህ ሞራ ለጅብ አደራ ተሰጠ።

ክረምቱ እንደወጣ አህያ መለኪያዋን አጠለቀች። አምና ሦስት ሰበዝ ነበር፤ ዘንድሮ አራት መሆን አለበት። አራተኛው ገባ። አምስተኛውም ሰተት ብሎ ገባ። ልቧ ድንግጥ አለ። ሐዲዱን ብታሸተው ዝገት ብቻ ነው፤ ያ የምትወደው የማለዳ ሞራ ጠረን የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥጃና ግልገሉ ሁሉ፣ የእሷም ውርንጭላ ጭምር፣ በዚያ ኩርባ ወደ ቆላው ግጦሽ ሊወርዱ ነው።

ወደ ጣቢያው ሮጣ ለአንበሳ ነገረችው። ቀበሮ በለሰለሰ አንደበት ጣልቃ ገባች። «በየዓመቱ አንድ» ያለችው ራሷ አህያ እንደሆነች፣ ስለዚህ ዘንድሮ ከአራት ሊያልፍ እንደማይችል፣ ደግሞም እርጅና ዓይን እንደሚያደክም አስረዳች። አያ ጅቦም አንድ ቀን ሳያጓድል እንደቀባ ማለ፤ ሲምል ከንፈሩን ይልስ ነበር።

አህያ አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፣ ያለችው እሷ ናት። ግን ያኔ ጋሼ በቅሎ ነበረ። እንባዋ መጣ።

«ጌታዬ፣ ተሳስቼ ይሆናል። እንግዲያው ልጆቹ ይቆዩና አያ ጅቦና ቀበሮ ቀድመው በኩርባው ይለፉ» አለች።

አንበሳም ተሳፈሩ ብሎ አዘዘ። አያ ጅቦ ደስ እያለው ዘሎ ገባ። ቀበሮ ግን አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ሆዷን ያዘች።

«ዛሬስ ቁርጠት ይዞኛል፤ ነገ እሄዳለሁ» አለች።

«ሆድሽን ምን ነካው?» አላት አንበሳ።

አያ ጅቦ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ሞራው ይሆናላ! ትናንት ድርሻዋን አብዝታ በልታለች» አለ።

ባቡሩ ሳይነሳ ቀረ። ሄደው ኩርባውን አንድ ጊዜ በመዶሻ ቢመቱት ለሁለት ተሰበረ። አዲሱን ሐዲድ ተሸክመው ያመጡት ጅብና ቀበሮ ናቸው።

ሲተከል አህያ ሞራውን በራሷ እጅ ቀባችና መለኪያውን አጠለቀች። አንድም ሰበዝ አልገባ አለ። ሰው እንዳይሰማት ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ጋሼ፣ ጥብቅ ብሏል» አለች።

ከዚህ የምንማረው የትናንት ልክ ለነገ የሚታመነው የትናንቱ ትጋት ዛሬም ካልጎደለ ብቻ መሆኑን ነው።