ሁለት ዓይነት ቀን

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በአንድ ወረዳ ጤና ቢሮ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ። ይትባረክ፣ አንተ አሁን የጠየቅከኝን እሱንም ጓደኞቹ ጠዋት ማታ ይጠይቁት ነበር። ለትልቁም ለትንሹም ሥራ የሚጽፈው በአንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች መርምሮ ወደ ማሽን ቋንቋ ካልቀየረው በቀር አንዲት መስመር እንኳ በማያሠራ ቋንቋ። «ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ቦቴ ታስነሳለህ!» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ልማዱን ግን አይተውም።

አንድ ቀን ጠዋት የክትባት ኃላፊዋ ሲስተር እየሮጠች ቢሮው ገባች። ቆላው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተጭኗል፤ መኪናው አንድ ነው፣ ያውም የተፈቀደው ለዛሬ ብቻ። ከአራት ጤና ኬላዎች ከመጣው መዝገብ ላይ አምስት ዓመት ያልሞላቸውንና ያልተከተቡትን ሕፃናት ስም ለይቶ እንዲሰጣት ነው የፈለገችው።

«ወንድሜ፣ በሞቴ ቶሎ በል! በረዶው እየቀለጠ ነው።»

ሰውየው ተቀመጠ። ሥራዋ ምን አላት? አሥር መስመር ብትሆን ነው። ከዛሬው ቀን ላይ የልደት ቀኑን መቀነስ፣ አምስት ዓመት ያልሞላውንና ያልተከተበውን ማውጣት፣ በቃ። ጻፈና አዘዘው። ኮምፓይለሩ ግን እምቢ አለ፤ እነዚህ ሁለት ቀኖች ዓይነታቸው ስለሚለያይ አይቀናነሱም ብሎ ቀይ ጽሑፍ ደቀነበት። ደጅ ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። የሰውየው ደም ፈላ። «አንተ ግትር! ዛሬን እንኳ ብታሳልፈኝ ምናለ?» ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። የተጻፈለትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያሠራውን ሌላውን ፈጣን ቋንቋ ሊከፍት እጁን ሰደደ።

ከዚያ ግን ቀዩን ጽሑፍ ደግሞ አነበበውና ልቡ ድንግጥ አለ። ኮምፒዩተሩ ዛሬ የሚለው የፈረንጆቹን ቀን ነው። የሦስቱ ጤና ኬላዎች የልደት ቀን ደግሞ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከዓመታት በፊት «ይህ የእኛ ቀን፣ ያ የፈረንጆች ቀን፤ እንዳታደባልቅብኝ» ብሎ ለይቶ የደነገገው ራሱ ነበር፤ እሱ ረስቶታል። በአንዲት መስመር ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መለሳቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ወጣ። ሲስተር ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ሮጠች፤ መኪናውም ሄደ።

እሱን ግን አላስቻለውም። ያንኑ ሥራ በፈጣኑ ቋንቋ፣ ቀን ከቀን ሳይለይ ጻፈው። ያለ አንዳች ቅሬታ ወዲያው ዘረገፈለት፤ አሥራ ዘጠኝ ስም! ሁሉም የአንድ ጤና ኬላ ልጆች ናቸው፤ መዝገቡን በፈረንጆች ቀን የሚሞላው የአራተኛው። በሌሎቹ ሦስቱ ግን የሁለት ዓመቱ ሕፃን አሥር ሊሞላው እንደ ተቃረበ ተቆጥሮ ከዝርዝሩ ወድቋል። ማንስ ያውቅ ነበር? መኪናው አንድ ቀበሌ ደርሶ፣ ሁሉም ተከተበ ተብሎ፣ ሳጥኑ ብዙም ሳይጎድል ይመለስ ነበር። ሰውየው እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ተመስገን! ኧረ ተመስገን!» አለ፤ ዕንባውም መጣ።

አመሻሹ ላይ ሲስተር ባዶውን ሳጥን ይዛ ተመለሰች። አቧራ በአቧራ ሆናለች፣ ደክሟታል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«ሁሉንም አዳረስን። እግዜር ይስጥልን፣ ወንድሜ!»

«ለእኔ አይደለም» አላት። «ምስጋና የሚገባውን ጠዋት ስሰድበው ነበር።»

አየህ ይትባረክ፣ «ለአሥር መስመር ሥራ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» አልከኝ። ያች የሰውየው ጽሑፍም አጭር ነበረች፤ መኪናው ግን እሷን አምኖ ነው የተነሳው። ኮምፓይለሩ ሁሉን ያውቃል አልልህም፤ ያልነገርከውን ከየት ያመጣል? አንዴ የነገርከውን ግን አንተ ስትቸኩል እሱ አይረሳም። እኔንም ስንቴ ከጉድ አውጥቶኛል መሰለህ፤ ባለውለታዬ ነው፣ አልደብቅህም። ስለዚህ እምቢ ሲልህ አትቆጣው። ቆም በልና የሚልህን አንብብ፤ ተሳስተህ ብታልፍ ከዝርዝሩ የሚወድቀው አንተ አይደለህም፣ ሕፃኑ ነው።