በአንድ ቅል ውሃ የተያዘ ውርርድ

አንድ ዳኛ ነበሩ። ሕግ አዋቂ፣ ጉቦ የማይነኩ፣ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ጠብታ ውሃ የማይቀምሱ። «ዳኛ ውሃ ከጠጣ ሽንቱ ይመጣል፤ ሽንቱ ከመጣ ከችሎት ይነሣል፤ ከተነሣ ምን ክብር ቀረው?» ይላሉ። ታዲያ ጠዋት ማር የሆኑት ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ሬት ናቸው። ራሳቸውን ይወቅጣቸዋል፣ ከንፈራቸው ይሰነጠቃል፣ ሙግቱ ሳያልቅ «በቃ! ተረትተሃል!» ይላሉ። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። ተንኮለኛውም ያውቃል።

ደብሪቱ የምትባል መበለት ነበረች። ጎረቤቷ ጫኔ «ባልሽ ሳይሞት ሸጦልኛል» ብሎ ያላትን አንድ እርሻ ነጠቃት፤ እሷም እኚህ ዳኛ ዘንድ ከሰሰችው። ጫኔ «ምስክሬ አልደረሰም» እያለ ጠዋቱን አጓተተው፤ ነገሩም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀረበ። ከእሷ በፊት የቆመው ሸማኔ አፉን በቅጡ ሳይከፍት ተፈርዶበት ሲወጣ ደብሪቱ አየች።

የጫኔ ምስክር ተነሣ። «በነሐሴ ነው፤ ሦስታችን ወንዙን ተሻግረን፣ ማዶ ካለው ሾላ ሥር ሲዋዋሉ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

ዳኛው ግንባራቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «በቃ…» ሊሉ ሲጀምሩ ደብሪቱ ዘላ ተነሣች።

«ውርርድ አለኝ!»

በዚያ አገር ተሟጋች በእውነቱ ሲተማመን ውርርድ ያስይዛል፤ ከተያዘ ደግሞ ዳኛው ሳይሰሙት አይፈርዱም። ጫኔ ሳቀ። «እኔ በፈረስ ነኝ! አንቺስ በምን ነሽ፣ በድመትሽ?»

«በአንድ ቅል ውሃ!» አለች ደብሪቱ፣ ለመንገድ የያዘችውን ቅል አንሥታ።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ሳቁ፣ ሳቁ! ጌታዬ፣ ይህን ጨልጠው፣ ጥቂት አረፍ ብለው ምስክሩን እንደገና ይስሙልኝ። ያኔ ከተረታሁ እርሻውን ትቼ ጎጆዬንም እጨምርለታለሁ!»

«ሴትዮ፣ በእኔ ታሾፊያለሽ?»

«በእርስዎ የሚያሾፈውስ ጥማትዎ ነው፣ ጌታዬ!»

ዳኛው ቅሉን አዩ፤ ከንፈራቸውን ላሱ። ከዚያ ጠጡ። አረፍ ብለው ደገሙ። የግንባራቸው ጅማት ቀስ በቀስ ረገበ።

«እስቲ አንተ ምስክር፣ ድገምልኝ።»

«በነሐሴ፣ ወንዙን ተሻግረን…»

«ቆይ! በነሐሴ? በነሐሴ ያ ወንዝ በሬ ይወስዳል! በምን ተሻገራችሁ?»

ምስክሩ ጫኔን አየ። ጫኔ መሬት መሬት አየ። «በ… በዋና» አለ ምስክሩ።

«ማን? ጫኔ?» አለ አንዱ ከኋላ። «እሱ የጓሮውን ቦይ እንኳ እጁን ተይዞ ነው የሚሻገረው!»

እርሻው ለደብሪቱ ተፈረደ! እልልታው ሳይበርድ ዳኛው ብድግ አሉ። ሰው ደነገጠ። «ወዴት ነው ጌታዬ?»

«ወደ ቁጥቋጦው!»

ሄዱ፣ ተመለሱ። ሰማይ አልተደፋም፤ ክብራቸውም ባለበት ነበር። ከመቀመጣቸው በፊት ጮኹ፦ «ያን ሸማኔ ሮጣችሁ መልሱልኝ!»

«ሸማኔውን ብቻ?» አለች ደብሪቱ።

«ከሰዓት የፈረድኩባቸውን በሙሉ» አሉ ዳኛው። «አንቺም ቅሉን ሙዪው።»

ወዳጆቼ፣ ሰውነት ውሃ ሲያጣ የሚደርቀው ጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትና ማስተዋልም አብረው ይደርቃሉ። ስለዚህ ጥማት እስኪጮህባችሁ አትጠብቁ። ሲነጋም፣ በሥራ መሃልም ጎንጨት በሉ። «ጊዜ የለኝም»፣ «መጸዳጃው ሩቅ ነው» የሚባለው የዳኛው ሰበብ ነው፤ ለእሳቸውም አልበጀም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ትናንት ከሰዓት በልጃችሁ ላይ የጮኻችሁት ጥፋቱ የልጁ ሆኖ ነው፣ ወይስ ኮዳችሁ ሳይነካ ስለዋለ?