እመት አንጓችና ሦስቱ ጓሮ ጠራጊዎች

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ተረት ላወጋችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ያንቀላፋም ይንቃ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አንጓች የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ ያገኘውን ሁሉ የሚሰበስብ ሰው ነበር። የተሰበረ ገንቦ፣ የበሰበሰ ምሰሶ፣ የተሰነጠቀ የወፍጮ ድንጋይ፣ ሁሉንም «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያለ ጓሮ ከመረው። እሱ ሞተ፤ ክምሩ ቀረ። ክምሩ ውስጥ አይጥ ገባ። አይጡን ተከትሎ እባብ ገባ። አንድ ጧት እባቡ የልጅ ልጇ መኝታ ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ።

አንጓች ያን ጧት ማለች። «ክረምት ሳይገባ ይህን ክምር ካላስወጣሁ እኔ አንጓች አይደለሁም!»

አገሩ ግን ሕግ ነበረው። ሰው የሚጠጣበትን ምንጭ ያቆሸሸ ከአገር ይባረራል። ጣዩ ካልታወቀ ደግሞ ባለቆሻሻው ይባረራል። ስለዚህ አንጓች ዘዴ ዘየደች። አንድ ስልቻ አመድ ሞላችና፣ አመዱ እየፈሰሰ የጠራጊውን መንገድ እንዲያሳያት ታችኛውን ጥግ በወስፌ በሳችው።

ጓሮውን ሊጠርግ መጀመሪያ ደምመላሽ የሚባል መጣ፤ በጉልበቱ የታወቀ፣ ጎረምሳ ሁሉ የሚፈራው። «እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል?» አለና የወፍጮ ድንጋዩን በትከሻው፣ ስልቻውን በእጁ አንጠልጥሎ ሄደ። አንጓች የአመዱን መስመር ተከተለች። መስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ምንጩ አፍ ላይ ቆመ። የወፍጮ ድንጋዩ ውኃው ውስጥ ተጋድሟል።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግህ?» አለችው።

«ድንጋዩ ያንቺ አይደል? እኔ ራሴ ጣልኩት ካላልኩ በቀር፣ አንቺ ብትዪ ማን ያምንሻል?» ብሎ ሳቀባት።

አንጓች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቢሆንም አልተቀመጠችም። ስልቻዋን እንደገና አመድ ሞላች።

ሁለተኛ ሸጋው የሚባል መጣ፤ ምላሱ ማር የሆነ። «እመት አንጓች፣ እናቴ፣ የእርስዎ ጓሮ የእኔ ጓሮ አይደል?» አለና ጭኖ ሄደ። አንጓች መስመሩን ተከተለች። መስመሩ ዞረ፣ ዞረ፣ የአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት አጥር ሥር ቆመ፤ ስባሪው ሁሉ እዚያ ተደፍቷል።

«አታይም ብለህ ነው?» አለችው። አንጓች እያንዳንዱን ስባሪ መልሳ አስለቀመችውና አባረረችው።

ሰማዩ ጠቆረ። ክረምቱ ደረሰ። አንጓች ግን ስልቻዋን ለሦስተኛ ጊዜ ሞላች።

ሦስተኛ ቢተው የሚባል መጣ። አንዲት አህያ አለችው፣ ወሬ የለውም። ስልቻውን ብድግ አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«እመት፣ ስልቻዎ ያፈሳል። የሰው መንገድ እያቆሸሽኩ አልሄድም» አለና ቀዳዳውን ሰፋው።

አንጓች ደነገጠች። «ታዲያ የት እንደምትጥለው በምን አውቃለሁ?»

«ይከተሉኛ!»

ተከተለችው። አመዱን ለአንድ ገበሬ ማሳ ሰጠ። እንጨቱን ለሸክላ ሠሪዎች ማገዶ አወረደ። የማይረባውን ከመንደሩ ርቆ፣ ከውኃ ርቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። አንጓች እፎይ አለች።

እፎይታዋ አላደረም። ምንጩ መቆሸሹ ተሰማ፤ ደምመላሽም ቀድሞ የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ከሰሳት። አገሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

«ድንጋዩ የማን ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለች አንጓች።

«ማን ጣለው?»

«ደምመላሽ እንዳልል፣ እሱ አቅሙ አይችልም። ያን ድንጋይ እዚያ ድረስ ለመሸከም ወንድ ይጠይቃል። እሱማ ገና ከደጄ ሳይወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምመላሽ ደሙ ፈላ፣ ዘሎ ተነሣ።

«እኔ ነኝ ጉልበቴ የሚከዳኝ? ብቻዬን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላርፍ፣ ምንጩ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ!»

ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ደምመላሽ አፉን በእጁ ከደነ፤ ነገር ግን ቃሉ ወጥቷል።

ጭቃ ሹሙ ፈረዱ። ደምመላሽ ድንጋዩን ከውኃው አውጥቶ፣ ምንጩን ጠርጎ፣ ያንኑ ድንጋይ ተሸክሞ ከአገር ወጣ። ቢተው ደግሞ የመንደሩ ጓሮ ሁሉ ጠራጊ ሆነ። የአንጓች የልጅ ልጅም ያን ክረምት ያለ ሥጋት ተኛ።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ ሥራ ስትሰጡ ትከሻ አትዩ፣ ምላስም አትስሙ የምላችሁ። አፍ ያወራል፣ ዱካ ይመሰክራል። እኔ የሰማሁትን አወጋሁ፤ እናንተ ለሚመጣው አውጉ።